እህል ተራ ቁሚ

ልጄ፣ ለፕሮዳክት ማናጀር ሥራ ቃለ መጠይቅ መጠራትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ትናንት ማታ ስትለማመጂ ግን በግድግዳው ሰማሁሽና ትንሽ ሰጋሁ። መልሱን እየሸመደድሽው ነው። እንደ ዳዊት ነበር የምታወርጂው።

እኔ ፕሮዳክት ማናጀር ሆኜ አላውቅም። ጡረታ እስክወጣ ግን ከፈታኞች ጋር ብዙ ተቀምጫለሁ። የተሸመደደ መልስ ገና አፍ ሲከፈት ይታወቃል። በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ ሸምድጄ ገብቼ፣ ፈታኙ ጥያቄውን ጥቂት ቢያጣምምብኝ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ያ ላብ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሥራው፣ እኔ እንደገባኝ፣ ሰው ምን እንደቸገረው አይቶ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ መወሰን ነው። ከዚያ ጠቅሞ እንደሆነ መመዘን። ታዲያ «የትኛውን መተግበሪያ ታሻሽያለሽ?» ሲሉሽ የአሜሪካኑን ትጠሪያለሽ። ለምን ልጄ? የደጎሎ ገበያ እያለልሽ?

ቴሌብር ከመጣ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ገበያችንን ልብ ብለሽ አይተሻል? በቀደም አንዲት እናት ጤፏን ሸጠች። ገዢው «ልኬያለሁ» አላት። ስልኳ ጢጥ አለ። ማንበብ አትችልም። አገላብጣ አየችውና ለሚያልፍ ተማሪ ሰጠችው። ልጁ አንብቦ እስኪነግራት ጆንያውን በእግሯ ረግጣ ይዛለች።

እሷን ይዘሽ ግቢ። ብሩ ገብቶላታል፤ እሷ በምን ትወቅ? በድምፅ ቢነገራትስ? ገበያ መሃል ስንት እንደገባላት ጮክ ብሎ ቢነገር ሌባ አይሰማም? ኢንተርኔት የሌለው፣ በ*127# የሚጠቀመው ባለ ቁልፍ ስልክስ? መሻሻሉንስ በምን ታውቂያለሽ? ጆንያውን ቶሎ ከለቀቀች አይደል? አየሽ፣ መለኪያው ራሱ እግሯ ሥር ነበር።

የሳምራዊት ፍቅሩን የታክሲ አገልግሎት፣ ራይድንም አስቢው። መተግበሪያ እያለው በ8294 ደውሎም መኪና ማስጠራት ይቻላል። ስልክ የሚያነሳ ሰው መቅጠር ወጪ ነው። ያም ሆኖ መተግበሪያ የማይከፍተውን ሰው ያመጣል። «አንቺ ብትሆኚ ትዘጊው ነበር?» ቢሉሽ ምን ትያለሽ? ዛሬ ማታ አስቢበት፤ አትጻፊው፣ አስቢው ብቻ።

ሁሉንም አሻሽላለሁ አትበይ። አንዱን ምረጪ፣ የተውሽውንም ለምን እንደተውሽው ንገሪያቸው። ጥያቄው ካልገባሽ «ለማን ነው የሚሠራው?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ድፍረት አይምሰልሽ። ዝም ብሎ መቀባጠር ነው የሚያስነቅፈው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይሄኛው የኛ የአሳዳጊዎችሽ ጥፋት ነው። «እኔ» ማለት ነውር እንደሆነ አስተምረንሻል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ከጓደኞችሽ ጋር የሠራችሁትን ስታወሪ «ሠራን፣ አደረግን» ብቻ ትያለሽ። ፈታኙ ግን የሚቀጥረው አንቺን ነው። የጓደኞችሽን ድርሻ ሳትደብቂ የራስሽን ለይተሽ ተናገሪ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ትሕትናሽ እንደ ባዶ እጅ ተቆጥሮብሽ እንዳትመለሺ።

አብሽሪ፣ ትችያለሽ። ዛሬ በጊዜ ተኚ። ነገ ገበያ ነው፤ ደብተርሽን ያዢና አብረን እንወርዳለን። እኔ ጨው እገዛለሁ፣ አንቺ እህል ተራ ቁሚ።