ማኔጅመንትና ኮምፒውተር አንድ ላይ ለምትማሪው ልጄ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም መረጥኩ ባልሽ ሰሞን ይህን ተረት ያልጠቀሰልሽ ዘመድ የለም። ጓደኞችሽም «ኮዱን የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ይበልጡሻል፣ ሂሳቡን የአካውንቲንግ ልጆች ይበልጡሻል፤ አንቺ የቱ ጋ ነሽ?» ብለውሻል። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለምና አልቆጣቸውም። ነገር ግን ያው አገር «ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም» ብሎም ተርቷል። ሁለቱም ተረት እውነት ነው። የትኛው በአንቺ ላይ እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የዲፓርትመንቱ ስም ሳይሆን የቀሩሽን ዓመታት የምታሳልፊበት መንገድ ነው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ምርጫሽ ደግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ሥራውን ሳታውቂ ሲስተሙን አትንኪ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረትና ሂሳብ ክፍል ስለሆነ የምነግርሽም ከዚያው ነው፤ «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይባል የለ?

አንድ የመኪና ጎማ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ እንየው። አቅራቢው ያመጣዋል፤ የታዘዘው ዓይነት መሆኑ ይረጋገጥና የግምጃ ቤት ኃላፊው የገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ይቆርጥለታል። ኮፒው ወደ ሂሳብ ክፍል ይሄዳል፣ አንዱ በጥራዙ ላይ ይቀራል። ኃላፊው መደርደሪያው ላይ በተንጠለጠለው ቢን ካርድ «ገቢ 1» ብሎ ይጽፋል። ሹፌሩ ጎማው ሲያስፈልገው አለቃው የፈረመበትን የንብረት መጠየቂያ ሞዴል 20 ይዞ ይመጣል፤ የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ተቆርጦለት፣ ፈርሞ ይወስዳል። ቢን ካርዱ ላይም «ወጪ 1» ይሰፍራል። በሌላ ክፍል የተቀመጠ የንብረት ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ እነዚያኑ ሞዴሎች እያየ ስቶክ ካርድ በሚባለው የራሱ ካርድ ላይ ብዛቱንም ዋጋውንም ይመዘግባል።

አሁን ልብ በዪ። ለአንድ ጎማ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል? ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚታየው ድግግሞሹ ነው። «አንዱን ቁጥር ሁለት ሰው ለምን ይጽፈዋል? ዳታቤዝ ውስጥ አንዴ ከገባ ይበቃል» ይላል። በዳታቤዝ ትምህርት ድግግሞሽ ጥፋት ነውና ከተማረው አንጻር አልተሳሳተም። የግምጃ ቤቱ ድግግሞሽ ግን ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ዕቃውን የሚይዘውና ሂሳቡን የሚይዘው ሰው እንዲለያዩ የተደረገው፣ ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ጉድለት ካለ እንዲታይ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ስትጨፈልቂያቸው ስክሪኑ ላይ ምንጊዜም እኩል ይመጣሉ። እኩል የሚመጡት ጎማው መደርደሪያው ላይ ስላለ አይደለም፤ ከአንድ ምንጭ ስለተቀዱ ነው። ግምጃ ቤቱ ቢራቆት እንኳ ሪፖርቱ ያምራል!

ታዲያ ወደ ወረቀቱ እንመለስ ማለቴ አይደለም። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ዓመታዊ ቆጠራ ሲደርስ የሰው ጉልበት ይጨርሳል። የምልሽ ሲስተሙን ስትነድፊ ዕቃ የሚረከበውን፣ ወጪ የሚፈቅደውንና ሂሳብ የሚመዘግበውን ሰው ለያዪያቸው፤ የአንዱ የይለፍ ቃል የሌላውን በር አይክፈት። ቆጠራ የሚያስገባው ሰው በመዝገብ ያለውን ቁጥር ሳያይ ያስገባ። የተስተካከለ ቁጥር ካለም ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ሳይፋቅ ይቀመጥ። ኮድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን የሚነግረው ከሌለ ከየት ያመጣዋል? ሞዴል 22 ሲቆርጥ የኖረው የግምጃ ቤት ሰውም የሚፈልገውን በፕሮግራም ቋንቋ ማስረዳት አይሆንለትም። በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዱን ለሌላው የሚያስረዳ ሰው በመጥፋቱ ብቻ ስንት ብር የወጣበት ሲስተም ተገዝቶ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ። ሠራተኛው ከፊት ለፊቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ እውነተኛውን ቁጥር ግን መሳቢያው ውስጥ በደበቀው ደብተር ይጽፋል። ያንቺ ቦታ እዚያ መካከል ነው።

በዚህ መካከል መቆም ምን እንደሚያፈራ ማየት ከፈለግሽ ዛሬ በየቢሮው የሚከፈተው ኤክሴል ከየት እንደመጣ አንብቢ። ዳን ብሪክሊን የሚባል አሜሪካዊ ኤም.አይ.ቲ. ኮምፒውተር ተማረ፣ በሶፍትዌር ሥራ ቆየ፣ ከዚያ የቢዝነስ ትምህርት ሊማር ሃርቫርድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1978 ክፍል ተቀምጦ ሳለ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሂሳብ ሰንጠረዥ ሲሠሩ ይመለከታል። አንዷ ቁጥር ስትሳሳት ወይም ስትለወጥ ከእሷ ጋር የተያያዙት ሁሉ ተሰርዘው እንደ አዲስ መሰላት ነበረባቸው። ኮምፒውተሩ ራሱ ቢያሰላቸውስ? ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሠርተው በ1979 ቪዚካልክን ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጡ። በግል ኮምፒውተር ላይ ገበያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ማስያ እሱ ነው፤ ብዙ ነጋዴም ኮምፒውተር ልግዛ ያለው ለእሱ ሲል ነው። ብሪክሊን የኮድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ውስጥ አይገኝም ነበር። የቢዝነስ ተማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ደብተሩ ላይ እየሰረዘ ይጽፍ ነበር።

በአገራችንም ምሳሌ አለልሽ። ሳምራዊት ፍቅሩ የታክሲ መጥሪያውን ራይድን ስትሠራ አፕ ብቻ ይዛ አልቀረበችም፤ ስማርት ስልክ የሌለው ተሳፋሪ 8294 ደውሎ ታክሲ እንዲያገኝ አድርጋለች። ገበያውን ያየ ሰው እንዲህ ያስባል።

እንግዲህ ወደ አጠናንሽ ልምጣ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ አንቺም ስለ ኢአርፒና ስለ ዲጂታል ሽግግር ከማውራትሽ በፊት ዴቢትና ክሬዲት እጅሽ ላይ ይግባ። ብዙ የኮምፒውተር ልጆች አካውንቲንግን ለማለፊያ ብቻ ያጠኑታል። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ፤ አንድ ግብይት ከደረሰኙ ተነሥቶ እስከ ወር መዝጊያው ሚዛን ድረስ በየትኛው መዝገብ እንደሚያልፍ ጣትሽን አስቀምጠሽ መከተል እስክትችዪ ተማሪው። ከኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ ዳታቤዝን አጥብቀሽ ያዢ። የፕሮግራም ቋንቋ ይለዋወጣል፤ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ሐሳብ ግን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ካሳተመው ጽሑፍ ጀምሮ እስካሁን የባንኩንም የሆስፒታሉንም መዝገብ ተሸክሞ አለ። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን በደንብ የጻፈች ልጅ የትም አትወድቅም። ስታቲስቲክስንም አትሽሺው።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ይጽፋል፤ ይህ ያስፈራሽ እንደሆነ ገምቻለሁ። ጎማው መደርደሪያው ላይ መኖሩን ግን አያውቅም። ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ዋጋው ከፍ የሚልበት ጊዜ ነውና ከመፍራት ይልቅ ሥራውን በማወቅ በርቺ።

የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ሃንድአውት ሰብስቦ መሮጥ እንደማያዋጣ ሲኒየሮችሽን ጠይቂ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው ነገሩ። ስለ መመረቂያ ሥራሽ ግን ትንሽ ልቆይ። በየዓመቱ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም፣ የተማሪ ምዝገባ ሲስተም እየተባለ ያለፈው ባች የሠራው ርዕሱ ተቀይሮ ሲቀርብ አያለሁ። እባክሽ ከዚህ ራቂ። አንድ የገበሬ ማኅበር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ጋራዥ ፈልጊና የሚያስጨንቃቸውን ከራሳቸው አፍ ስሚ። ኢንተርንሺፕ ስትወጪም ፎቶኮፒ ሲያስነሡሽ አትከፊ፤ የምታነሺውን ወረቀት አንብቢው። ማን ፈረመው? ለምን ፈረመ? ባይፈርም ምን ይሆናል? ጓዳውን የሚያውቁት ጸሐፊዋና ለጡረታ የተቃረበው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸውና በአክብሮት ቀርበሽ ጠይቂያቸው። ዲግሪ የሌለው ሰው ሲያስረዳሽ ማስታወሻ ያዢ፤ ያ ሰው መምህርሽ ነው።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ደግሞ አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረም ተነገረ። ይህን የማነሳልሽ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። አንድ ለውጥ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ማን ይፈትነዋል፣ ማን ያጸድቀዋል፣ ሲበላሽ ሌሊት «አቁሙ» የሚለው ማነው የሚለውን ጥያቄ እንድትይዢው ነው። ይህ ጥያቄ የቴክኒክም የአስተዳደርም ነው፤ አንቺም የምትማሪው ይህንኑ ነው።

ያን ሌሊት በየግቢው ኤቲኤም ፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ ያንቺው እኩዮች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎችም «የወሰዳችሁትን መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ልቤ በጣም ያዘነው በዚህ ነው። ነገ እናንተ ናችሁ የሰውን ሂሳብ፣ የሰውን ደመወዝ፣ የሰውን የሕክምና ካርድ ከፍታችሁ የምታዩት። በዚያው በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ አንብቢው፣ ከመምህሮችሽም ጋር ተወያዪበት። ሕግ ግን ማታ ብቻሽን ስክሪን ፊት ስትቀመጪ አጠገብሽ አይቆምም። የጎረቤትሽን ሂሳብ ማየት እየቻልሽ ሥራሽ ስላልሆነ ብቻ ካላየሽው፣ ያኔ በዚህ ሙያ እምነት ይጣልብሻል።

ስለ እንጀራው አትጨነቂ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የገንዘብ ዝውውሩ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ባንኩ፣ ገቢዎች፣ ጉምሩክ፣ አየር መንገዱ፣ አስመጪና ላኪው ሁሉ ሥራውን ወደ ሲስተም እያስገባ ነው። ሁሉም ቀጣሪ ያንቺን ዲግሪ ስም ያውቀዋል ብዬ አልዋሽሽም። ማስታወቂያው «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ» ሲል አመልክቺ፤ «ማኔጅመንት ወይም ተመሳሳይ» ሲልም አመልክቺ። ከዚያ የሠራሽውን አሳዪያቸው።

ይህ ክረምት ሳያልቅ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከሰፈራችሁ ባለሱቆች አንዱን አስፈቅደሽ የዱቤ ደብተሩን አብራችሁ ተመልከቱ። ከፊሉን የከፈለ ሰው እንዴት ይጻፋል? ሰፈር የለቀቀ ባለዕዳስ ምን ይደረጋል? ባለሱቁ ሳይኖር ልጁ የሰጠውን ዱቤ ማን ይመዘግበዋል? ኮምፒውተር ሳትከፍቺ ይህን ሁሉ በወረቀት ንደፊውና ለባለሱቁ አሳዪው። «ይኼማ አይሠራልኝም» ካለሽ ለምን እንደሆነ ጠይቀሽ እንደገና ጀምሪ። «አዎ፣ የእኔ ሱቅ እንዲህ ነው» ሲልሽ ንድፉን ለእኔም ላኪልኝ፤ ልጁ የሰጠውን ዱቤ ማን እንደሚያጸድቀው ማየት እፈልጋለሁ።