የሰዓት ምስክርነት

በ1952 ዓ.ም. ክረምት፥ አበበ ቢቂላ ለሮማ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፥ በአዲስ አበባ በሮጠው ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰኮንድ ፈጸመ። ይህም ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካቆመው የኦሊምፒክ ሬኮርድ የፈጠነ ነው፤ ያውም አየሩ በሳሳበት ደጋ።

እንዲህ ያለውን ቁጥር ስንሰማ ደስ ከመሰኘታችን በፊት፥ ሰዓቱ ተሳስቶ ወይም መንገዱ አጥሮ ይሆናል እንላለን። መጠራጠሩስ ነውር አይደለም፤ መንገዱን ደግሞ መለካት ይቻላልና። የሚያሳፍረን ግን የገዛ ወንድማችንን ድካም ባዕድ እስኪመሰክርለት ድረስ አለማመናችን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን በሮማ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲያሸንፍ ማንም አልተጠራጠረም። በዚያች ሌሊት እግሩን አሞት ቀርቶ ቢሆንስ ኖሮ፥ የአዲስ አበባው ሩጫ ሐሰት ሊባል ነበርን?