በስማችን የሚናገረው ማነው?

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከዲን የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አንድ መንግሥት በሌላ አገር ምርጫ ውስጥ በኮምፒውተርና በስልክ አማካይነት እጁን ስለማስገባቱ ነው። ርእሱን የነገርኩት አንድ ወዳጄ «እሱ የአሜሪካና የራሺያ ጠብ ነው፤ እኛን ሙስሊሞችን ምን አገባን?» ብሎኛል። መልሱን ከሂውስተን ልጀምርለት።

በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በሂውስተን ከተማ መሐል፣ ትራቪስ በተባለው ጎዳና ላይ አንድ የቆየ የባንክ ሕንፃ አለ። ታዋቂው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሐኪም ኦላጁዎን ገዝቶ የእስልምና ደዕዋ ማእከል አደረገው። ወለድ ይቆጠርበት የነበረ ቤት ቁርአን የሚቀራበት ሆነ፤ ሱብሐነላህ! እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2016 በዚህ ማእከል ደጃፍ ሁለት ሰልፎች በአንድ ሰዓት ተጠሩ። አንዱን የጠራው «የቴክሳስ ልብ» የተባለ የፌስቡክ ገጽ ሲሆን፣ ቴክሳስ ልትሰልም ነውና እንግታት፣ መሣሪያ ያለውም ይዞ ይምጣ የሚል ነበር። ሌላውን የጠራው «የአሜሪካ የተባበሩ ሙስሊሞች» የሚል ገጽ ነው፤ የእስልምናን ዕውቀት እናድን፣ ማእከላችንን እንከላከል ይላል። ሰዎቹ መጡ። በጎዳናው ግራና ቀኝ ተፋጠጡ፤ ተሰዳደቡ፤ ፖሊስ መሐል ገባ። አልሐምዱሊላህ ደም አልፈሰሰም። ሰልፎቹን የጠሩት ሰዎች ግን ከሁለቱም ወገን አንድም አልተገኘም።

ያልተገኙበት ምክንያት የታወቀው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሪቻርድ በር ሁለቱንም ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩ። ሁለቱንም ገጾች የሚያንቀሳቅሰው በራሺያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የሚገኝ አንድ ድርጅት ነበር። ለዚያ ሁሉ የወጣው የማስታወቂያ ወጪ 200 ዶላር ገደማ ነው። በሁለት መቶ ዶላር የአንድ አገር ዜጎች መስጊድ በር ላይ ሊፋጁ ነበር!

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ኢብን ኢስሐቅ በሲራው የዘገበው የመዲና ታሪክ ነው። አውስና ኸዝረጅ ለዘመናት ደም ሲፋሰሱ ኖረው በእስልምና ታረቁ። ሻስ ኢብን ቀይስ የተባለ ሽማግሌ በአንድ መጅሊስ አብረው ተቀምጠው ሲጫወቱ አይቶ ፍቅራቸው አላስደሰተውም። ሰይፍ አላነሳም፤ ገንዘብም አልረጨም። አንድ ወጣት ጠርቶ «ሂድና አብረሃቸው ተቀመጥ፤ የቡዓስን ጦርነት አስታውሳቸው፤ ያኔ የተባባሉትን ግጥም አሰማቸው» አለው። ወጣቱ የታዘዘውን አደረገ። ጥቂት ሳይቆይ ሰዎቹ በኩራት ቃል ተወራወሩ፣ ከዚያም «መሣሪያ! መሣሪያ!» ተባብለው ለፍልሚያ ወደ ሐራ ወጡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈጥነው ደርሰው፣ እሳቸው በመካከላቸው እያሉ ወደ ጃሂልያ ጥሪ መመለሳቸውን ወቀሱዋቸው። ሰዎቹም የጠላት ተንኮል መሆኑ ገብቷቸው አለቀሱ፣ ተቃቀፉ።

ልብ በሉ፤ ወጣቱ ያነበበው ግጥም ውሸት አልነበረም። ቡዓስ የተባለ ጦርነት በእርግጥ ተደርጓል፤ ግጥሙም በእርግጥ ተገጥሟል። የሴንት ፒተርስበርጉ ድርጅትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የሙስሊም ጥላቻ አለ፤ የጥቁሮች ብሶት አለ፤ የመሣሪያ ክርክር አለ። ቁስሉን የፈጠረው የውጭ ሰው አይደለም። ቁስሉን አግኝቶ ጨው የነሰነሰው ግን እሱ ነው። እኔ ከሐሰተኛ ወሬ ይበልጥ የምፈራው ይህን በቦታው ያልዋለ እውነት ነው፤ ሐሰቱንስ ቢያንስ ማጣራት ይቻላል።

ወደ «የተባበሩ ሙስሊሞች» ልመለስ፤ ጉዳዩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነውና። ስሙ የተሰረቀ ነው። በካሊፎርኒያ በዚህ ስም የሚጠራ እውነተኛ የሙስሊሞች ድርጅት ነበር። ሌቦቹ ስሙን ወስደው ከ300 ሺህ በላይ ተከታይ አፈሩበት። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሮበርት ሙለር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2018 በ13 ራሺያውያንና በ3 ድርጅቶች ላይ ያቀረቡት ክስ እንደሚያስረዳው፣ በጁላይ 2016 ሒላሪ ክሊንተንን እንደግፍ የሚል ሰልፍ በሙስሊሞች ስም ዋሽንግተን ላይ ጠርተው፣ ሴትዮዋ ሸሪዓን ያወደሱ የሚያስመስል ጽሑፍ አንድ አሜሪካዊ ይዞ እንዲቆም አደረጉ። ኖቬምበር ሲደርስ ደግሞ ያው ገጽ ተገልብጦ ሙስሊሞች ምርጫውን እየተዉት ነው፣ ለሒላሪ ድምፅ አንሰጥም ብለዋል ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ በስማችን ሌላውን አስፈሩበት፤ በኋላም እኛኑ ከድምፅ መስጫው ሣጥን አራቁን። ከስደተኛ ወገኖቻችን መካከል ዜግነት አግኝተው በዚያ አገር የሚመርጡ ብዙ ናቸው። የዚያ ገጽ ጽሑፍ ስንቱ ስልክ ላይ እንደደረሰ አላህ ይወቀው። ፌስቡክ ራሱ የድርጅቱ ጽሑፎች እስከ 126 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሳይደርሱ እንዳልቀሩ አምኗል።

የድርጅቱ ባለ ገንዘብ የነበረው የቭጌኒ ፕሪጎዢን ለዓመታት ሲክድ ቆይቶ በኖቬምበር 2022 በአሜሪካ ምርጫ ጣልቃ መግባታቸውንና ወደፊትም እንደሚገቡ በአደባባይ ተናግሯል። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የራሺያ መንግሥት እስካሁን እጄ የለበትም ባይ ነው።

ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው ብለው ከጻፉ የዘመናችን ዑለማዎች አንዱ ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ናቸው። መራጩ እገሌ ለዚህ አማና ይበቃል ብሎ ይመሰክራል። ታዲያ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡና ደጋግመው ደጋግመው አስጠነቀቁ፤ ሰሐቦቹ ምነው ዝም ባሉ እስኪሉ ድረስ። አንድን ሰው በሐሰት እንዲመሰክር ማስገደድ ብቻ አይደለም ወንጀሉ፤ ሳያውቀው በሐሰት እንዲመሰክር ማድረግም ነው።

አሜሪካ ብቻ ተበደለች ለማለት ግን ብዕሬ አይታዘዘኝም። እ.ኤ.አ. በ1953 የኢራኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴግን ለመጣል ሲ.አይ.ኤ. የከፈላቸው ጋዜጠኞችና የመንገድ ሰልፈኞች ነበሩ። ከዚያም በቅርቡ፣ በኮሮና ዘመን፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሐሰተኛ አካውንቶችን ከፍቶ የቻይናው ክትባት የአሳማ ዘር ስላለበት ሐራም ነው እያለ በመካከለኛው እስያና በመካከለኛው ምሥራቅ ሙስሊሞች መካከል ማስወራቱን ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋልጧል። በበሽታ ዘመን! አንዱ በሙስሊም ስም ይፎክራል፣ ሌላው በሙስሊም ፊቅህ ያስፈራራል።

መከላከያው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ የመንግሥታቱ ሥራ የታወቀ ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የኮምፒውተር ሰርሳሪዎችን ፈርታ ድምፁን በእጅ አስቆጥራለች። እኔን እንደ ጋዜጠኛ የሚያስቀናኝ ግን በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የሆነው ነው። ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ከማክሮን ወገን የተሰረቁ እጅግ ብዙ የኢሜይል ደብዳቤዎች በኢንተርኔት ተበተኑ። የምርጫ ኮሚሽኑ አታትሙ ብሎ አሳሰበ፤ ትልልቆቹ ጋዜጦችም የሰነዶቹን ይዘት ሳያወጡ ታገሡ። ከአንድ ዓመት በፊት በአሜሪካ የራሺያ ወታደራዊ ስለላ ሰርስሮ ያወጣቸው ደብዳቤዎች ሲበተኑ ግን ጋዜጦቹ በየቀኑ ይሻሙባቸው ነበር። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አመጸኛ ሰው ወሬ ሲያመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ካላጣራን ሰዎችን ባለማወቅ ጎድተን በኋላ እንደምንጸጸት ያስጠነቅቃል። ያ አንቀጽ ለእኛ ለብዕረኞች የወረደ ይመስለኛል።

ጸጸቱን የማውቀው ከራሴ ነው። የተቃጠለ መስጊድ ፎቶግራፍ ከነመግለጫው በስልኬ ደረሰኝ፤ የኛ አገር መስጊድ ነው ይላል። ደሜ ፈላ። ሳላጣራ ለሦስት ቡድኖች ላክሁት። ማታ ሰከን ብዬ ስመረምር ፎቶግራፉ የሌላ አገር ነው፤ ዓመታትም አልፈውታል። መጀመሪያ ማን እንዳሰራጨው፣ ከየትኛው አገር እንደተነሳ ዛሬም አላወቅሁም። ማስተባበያ ጻፍኩ። ሁለቱ ቡድኖች ተቀበሉ፤ ሦስተኛው ግን «አሁን ነገሩን አታብርድብን» ብሎ ማስተባበያዬን አጠፋው። በማግስቱ በሰፈራችን መስጊድ በር ላይ አንድ አባት ያንኑ ፎቶግራፍ ለወጣቶች ሲያሳዩ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ይህ እውነት አይደለም» ብላቸው በግርምት አዩኝና፣ «እንዴት አይሆንም ልጄ? አንተ ነህ እኮ የላክኸው፤ ጋዜጠኛ ነው ብዬ ነው ያመንኩት» አሉኝ።