ማስጠንቀቂያም አደራ ነው

ልጆቼ፣ እዚህ በሱዳን ሐምዳይት ያላችሁ፣ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ የተወሰዳችሁ፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ለሥራ የተበተናችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምመክራችሁ በየስልካችሁ እየገባ እንቅልፍ ስለሚነሣችሁ መልእክት ነው።

መልእክቱን ታውቁታላችሁ። «ከዚህ ቁጥር ቢደወልላችሁ አታንሡ፤ ስልካችሁን ቫይረስ ይበላዋል። ይህን ቪዲዮ አትክፈቱ፤ ያላችሁን ሁሉ ያጠፋል። ለምትወዱት ሰው ሁሉ አሁኑኑ ላኩ።» የላከችላችሁ እኅታችሁ ናት፤ ወይም አብሮ አደጋችሁ ነው። ለእናንተ ተጨንቀው እንጂ ክፉ አስበው አይደለም የላኩት። ሐሰቱም ይህን ያህል የሚሮጠው ደጋግ ሰዎች ስለሚያደርሱት ነው። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ወሬ አምጪው ሁሉ ውሸታም ነው ብለው አይደለም። ደግ ሰውም የሰማውን ሳያጣራ ሊያቀብል እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ «ጉድ ታይምስ የሚል ርእስ ያለው ኢሜይል ከመጣ አታንብቡ፤ ኮምፒውተራችሁን ያጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ዓለምን ዞረ። እንዲያ ያለ ቫይረስ አልነበረም። በዚያ ዘመን ተራ ጽሑፍ ብቻ የያዘ ኢሜይል ስለተነበበ ኮምፒውተር አይጠፋም ነበር። በ2002 ደግሞ «ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የድብ ግልገል ሥዕል ያለበት ፋይል ካገኛችሁ ቫይረስ ነው፤ ፀረ ቫይረስም አያየውም፤ አጥፉት» ተባለ። ሰዉ ፈለገ፣ አገኘ፣ አጠፋ። ፋይሉ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ከዊንዶውስ ጋር ያስቀመጠው ጤነኛ ፋይል ነበር፤ ብዙ ሰው ፈልጎ ያገኘውም ለዚህ ነው። ሌባ ሳይገባ ባለቤቱ በገዛ እጁ የቤቱን ዕቃ አወጣ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህም «ነገ ማርቲኔሊ የሚባል ቪዲዮ በዋትሳፕ ይለቀቃል፤ ስልክ ይጠልፋል፤ አትክፈቱ» የሚለው መልእክት ሲመላለስ ኖሯል። ቀን አልተጻፈበትምና መቼም አያረጅም፤ ዓምና የደነገጡበትን ሰዎች ዘንድሮም ያስደነግጣል።

ታዲያ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከንቱ ነው እንዳትሉኝ። በሜይ 2000 «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው ኢሜይል ከሚያውቁት ሰው ዘንድ መጣ። አብሮት የተያያዘውን ፋይል የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩ ተበከለ፤ ቫይረሱም በአድራሻ መዝገቡ ወዳሉት ሁሉ ራሱን ላከ። በሚሊዮን የሚቆጠር ኮምፒውተር የተጎዳው እንዲህ ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። መጠርጠር አንድ ነገር ነው፤ የሰሙትን ሁሉ እያስተላለፉ አገር ማሸበር ግን ሌላ ነው።

ልጆቼ፣ ይህ ምክር ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ሕዝብ የትግራይን ጦርነት ሸሽቶ ሱዳኖቹ ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ተሻግሮ ወደዚህ ሲጎርፍ፣ በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። የትኛው መንገድ ደህና እንደሆነ፣ የት ተኩስ እንዳለ የሚታወቀው ከሰው አፍ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳንም ጦርነት ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ኔትወርክ በሰፊው ሲቋረጥ ያው ነገር ተመለሰ። እኛ «ተነሡ፣ አምልጡ» የሚለው ቃል ነፍስ የሚያተርፍበትን ቀን ያየን ሰዎች ነን። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ በእኛ ዘንድ አደራ ነው። ዐሥር ጊዜ በከንቱ የደነገጠ ሰው በዐሥራ አንደኛው ፊቱን ያዞራል፤ ዐሥራ አንደኛው ግን እውነተኛው ሊሆን ይችላል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ መከራ ያየ ሰው ቶሎ ይደነግጣል። አታላዮችም ይህንን ያውቃሉ። «ስልክህ ቫይረስ ገብቶበታል፤ ይህን ሊንክ ተጫን»፣ «ስምህ ከመዝገብ ሊሰረዝ ነው፤ ገንዘብ ላክ» የሚሉት አስደንግጠው ሊዘርፉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ከማንም ገንዘብ አይቀበልም። ገንዘብ የጠየቃችሁ ሁሉ፣ የማንንም ስም ቢጠራ፣ ሌባ ነው። በስልካችሁ የሚመጣውን የዋትሳፕ ስድስት አኃዝ ኮድም ለወንድማችሁ እንኳ አትስጡ።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አለ? መቼ አለ? ምን አድርግ ይለኛል? ተናጋሪው ካልታወቀ፣ ቀን ከሌለው፣ «ለሁሉም ላክ» ካለ እናንተ ጋ ይቁም። በዋትሳፕ ሁለት ቀስት ተደርቦበት የሚመጣ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ብዙ የዞረ ነው። ድርጅቱ ራሱ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ መላክ የከለከለው ሐሰት ሲሮጥበት ስላየ ነው። «አጥፋ»፣ «ተጫን»፣ «ጫን» የሚላችሁን ደግሞ ስልክ ከሚጠግን አዋቂ ሳትጠይቁ አታድርጉ። እስከ ማታ ታገሡ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»።

ሐሰት መሆኑን ሳታውቁ ልካችሁ ከሆነ፣ ለላካችሁላቸው ሁሉ «ያ ነገር ሐሰት ነው» ብላችሁ መልሳችሁ ላኩ። ስሕተትን ማረም ክብር እንጂ ውርደት የለውም። እናታችሁ ብትልክላችሁም አትሳቁባት። ተጨንቃ ነውና አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ እንዴት እንደሚጣራ በትዕግሥት አሳዩአት። የተሳቀባት እናት ነገ እውነተኛውን አደጋ ብታይም ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ የምንጎዳው ሁላችንም ነን።

ጥቂት ተናግራችሁ የምትታመኑ ሁኑ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ነውና ከመላካችሁ በፊት አጣሩ፤ አጣርታችሁ እውነት ሆኖ ስታገኙት ግን ለጎረቤት ሳትነግሩ አትደሩ። ቃላችሁ ይታመን፤ የምትወዷቸውን ያገናኛችሁ፤ ለአገራችሁ ያብቃችሁ።