ኪታብን በየዕለቱ ስለ ማንበብ

 

ወንድሜ ሆይ፥ በሒራ ዋሻ መጀመሪያ የወረደው ቃል የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሰምተሃል፤ ሰምተህም ኪታብ ገዝተሃል። ያ የገዛኸው ኪታብ ግን ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? በመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ በመካከሉ ያኖርኸው ምልክት ከረመዳን ወዲህ ከነበረበት ገጽ አልተነቃነቀም። ልጅህ ያንን የተዘጋ ኪታብ በየቀኑ ያያል፤ ኪታብ ለጌጥ የሚቀመጥ ዕቃ እንደ ሆነ ከአንተ ተምሮ ያድጋል። የምፈራልህ ይህን ነው።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ትል ይሆናል። እውነት ነው፥ ሱቅ ቀኑን ይበላል። ነገር ግን ማታ ሱቅህን ከመዝጋትህ በፊት የሂሳብ መዝገብህን ትገልጣለህ፤ ማን እንደ ከፈለ፥ ማን ዕዳ እንደ ቀረበት መስመር በመስመር ታነባለህ፤ ራስህን ቢያምህም፥ እንግዳ ቢመጣብህም አታሳልፈውም። በዚህም አልነቅፍህም፤ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው ዕዳን ስለ መጻፍ የሚያዝዘው የአል-በቀራ አንቀጽ ነውና። እንግዲህ የማንበብ ልማድ የለኝም አትበል። ልማዱ አለህ፤ ለመዝገብ ብቻ ሰጥተኸዋል።

የያቁት አል-ሐመዊን ታሪክ ተመልከት። በሕፃንነቱ ተማርኮ በባግዳድ ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ። ነጋዴው ጽሕፈት አጥርቶ የማያውቅ ስለ ነበረ፥ የንግዱን ሂሳብ እንዲጽፍለት ብሎ አስተማረው፤ ለንግድም እስከ ዑማን ላከው። ያቁት በ596 ዓመተ ሂጅራ ነጻ ከወጣ በኋላ ኪታብ በዋጋ እየገለበጠ ኖረ። በኋላም በመርው ከተማ ሲቀመጥ፥ ከወቅፍ ቤተ መጻሕፍት 200 ቅጽ የሚያህል በአንድ ጊዜ ተውሶ በቤቱ ያኖር ነበር፤ አብዛኛውንም ያለ መያዣ ሰጥተውታል። ያለ መያዣ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ነጋዴው ታውቀዋለህ። ስለ አገሮች የጻፈው ሙዕጀም አል-ቡልዳን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከስንፍና ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ጉጉት ነው። ባለ ብዙ ቅጽ ተፍሲር ይገዛና በመጀመሪያው ሌሊት አርባ ገጽ ያነባል፤ በሦስተኛው ሌሊት ሁለት ገጽ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይወስደዋል። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፥ አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን እንዳስተማሩ ዓኢሻ አስተላልፈዋል። ቁርኣንም ቢሆን በሃያ ሦስት ዓመት ያህል ጥቂት በጥቂት ወረደ እንጂ በአንድ ሌሊት ተጠናቆ ለሰዎች አልተነበበም።

ስለዚህ በትንሽ ጀምር። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አን-ነወዊ የሰበሰቡት አርባዕን፥ ስሙ አርባ ይበል እንጂ 42 ሐዲስ ይዟል። ኪታቡን ከሂሳብ መዝገብህ በላይ አኑረው፤ መዝገቡን ለመግለጥ መጀመሪያ ኪታቡን ማንሣት ግድ ይሁንብህ። በየማታው አንድ ሐዲስ ብቻ አንብብ፤ ቢጥምህም ወደ ሁለተኛው አትለፍ። አንድ ማታ ቢያመልጥህ፥ ያለፈውን እንደ ዕዳ አታጠራቅም፤ ካቆምህበት ቀጥል። በ42 ሌሊት ትጨርሰዋለህ።

ማንበብ የማትችል ብትሆንም እንደዚያ የባግዳድ ነጋዴ አድርግ፤ ወንድ ልጅህ ወይም ሴት ልጅህ ድምፅ አሰምተው ያንብቡልህ፥ አንተም እናታቸውም ተቀምጣችሁ አድምጡ። ያልገባችሁን ቃል ምልክት አድርጉበትና በጁሙዓ ቀን ዓሊሙን ጠይቁ።