ያልጠጣ ሁሉ ነፃ ነውን?



«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ምሳሌው ቅጠሉን ማን ይያዝ የሚለውን አይነግረንም። እሳቱን የለኮሰው ነው ወይስ አጠገቡ ቆሞ የሚያየው? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄውንም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እዚሁ ቁይ ውስጥ ከአንዲት እናት አፍ ሰማሁት።

አብሮ አደጌ የሆነ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ባንድ ሰፈር አደግን፣ ባንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘመርን፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ባንድ ዓመት አልፈን ወደ አንድ ኮሌጅ ተመደብን። እናቱ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ሴት ናት። ደብተሩም፣ ጫማውም፣ የመሳፈሪያው ገንዘብም ጠብ ጠብ እያለ ከእንስራው የወጣ ነበር። የምንሄድበት ቀን መናኸሪያው ድረስ ሸኘችንና እጄን ይዛ፣ «አንተ ረጋ ያልክ ልጅ ነህ፤ አደራህን፣ ወንድምህን እይልኝ» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። «እሺ» ማለት ምን ያህል ቀላል ነው!

የመጀመሪያው ዓመት ግማሹ በሰላም አለፈ። ኋላ ግን ፈተና ሲደርስ ለማጥናት በሚል ጫት ተጀመረ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አእምሮን ያነቃቃል፤ እንቅልፍን ያባርራል። ሌሊቱን ያባረሩትን እንቅልፍ መልሶ መጥራት ግን አይቻልም። ስለዚህ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይጠጣል፤ ተማሪዎቹ «ጨብሲ» ይሉታል። እንዲህ እያለ ለጥናት የተጀመረው ነገር ጥናቱን በላው። ጓደኛዬ እኩለ ሌሊት ሲገባ እኔ ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ እመስል ነበር። አልጠጣም፣ አልቅምም፤ በዚህም በልቤ እኮራ ነበር። የክፍላችን ልጆች «ያገርህን ልጅ ምከረው እንጂ» ሲሉኝ፣ «እኔን ምን አገባኝ፤ ሁሉም ለራሱ ነው» እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ እራት ልበላ በገባሁበት ቤት አየሁት። ከሌላ ተማሪ ጋር የጠርሙስ ሒሳብ ማን ይክፈል በሚል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከራል። ዓይኑን አየሁ፤ አመሉንም አውቃለሁ። «ዝም አይነቅዝም» አልኩና እራቴን ጨርሼ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያንን ተማሪ በጠርሙስ መታው። የተመታው ልጅ አንድ ዓይኑን አጣ፤ ጓደኛዬ ከትምህርቱ ተባረረ፣ ተፈርዶበትም ወኅኒ ገባ።

ለፋሲካ ወደ ቁይ ስመጣ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘችኝ። አላለቀሰችም። «አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ። እኔም «እኔኮ አልጠጣሁም» አልኳት። «እሱን አልጠየቅሁህም» ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር በብዙ መንገድ መርምሬዋለሁ። ጠርሙሱን ያነሣው እጅ የእኔ አልነበረም። ያልሠራሁትን ኃጢአት ተሸክሜ እኖር ዘንድ ማንም አይፈርድብኝም። ሆኖም ሴትዮዋ የጠየቀችኝ በኦሪት መጀመሪያ ላይ ቃየል የተጠየቀውን ጥያቄ ነበር፤ ወንድሙ ወዴት እንዳለ። ቃየል ገዳይ ነው፣ እኔ አይደለሁም። መልሳችን ግን ተመሳሰለ፤ ሁለታችንም ጠባቂ አይደለሁም አልን።

ሰዎች የሠሩት ሕግ እንኳ ይህን ነገር በቸልታ አላለፈውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ ራሱን ያሰከረውን ሰው «ሰክሬ ነበር» በማለቱ ብቻ አይለቀውም። በዚህም አያበቃም። ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል ሊረዳ ሲችል፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው በብርቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው አውቆ ጥሎ የሚሄደውንም ይጠይቃል። ሕግ የሚጠይቀው ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ሕሊና ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠይቃል።

በእኛ አገር መጠጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በማኅበር ጠላ ይጠመቃል። ቤተ ክርስቲያናችንም ስካርን አወገዘች እንጂ ጽዋን አልከለከለችም። ነገር ግን እንዴት እንደሚጠጣ አስተውሉ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ ካህኑ ባርኮ፣ ሙሴው አስተናብሮ፣ አሳላፊው እያየ ይቀዳል። የተጣላ ካለ ጽዋውን ሳያነሣ ይታረቃል። ድምፁን ከፍ ያደረገውን ሽማግሌው «በቃህ፣ ልጄ» ይለዋል፤ ጎረቤቱም ደግፎ ቤቱ ያደርሰዋል። እርግጥ በአገር ቤትም በሠርግ ላይ ሰክሮ ዱላ የሚማዘዝ አይጠፋም፤ በዚህ ምክንያት ደም የተቃባ ቤተ ሰብም እናውቃለን። ነገር ግን ዱላው ሲነሣ መካከል የሚገባ ገላጋይ አለ። ወደ ኮሌጅ ስንሄድ ካህኑም፣ ሙሴውም፣ ሽማግሌውም፣ ገላጋዩም ቁይ ይቀራሉ። አብሮን የሚሄደው ብርጭቆው ብቻ ነው።

ብርጭቆውም ያው አይደለም። የቤት ጠላ የአልኮል መጠኑ ከመቶ ከ2 እስከ 6 ገደማ ሲሆን፣ ዳግም አረቄ ከመቶ 40 ያልፋል። አልኮል በደም ገብቶ አንጎል ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደክመው እግርን አይደለም፤ «ተው፣ ይቅርብህ» የሚለውን የማመዛዘን ኃይል ነው። ይህ የአንጎል ክፍል ደግሞ ሰው 25 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ገና እየጠነከረ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ አስታውቋል፤ ጉዳቱም ከዕድሜያቸው አንጻር ሲታይ ከ20 እስከ 39 ባሉት ላይ ይበረታል። ስለዚህ የሰከረ ወጣት «ተው» የሚለው የውስጥ ድምፅ ለጊዜው ተኝቶበታል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ድምፅ ሲተኛ ከውጭ የሚናገር ድምፅ ያስፈልገዋል። ያ ድምፅ አጠገቡ ያለው ያልሰከረ ወንድሙ ካልሆነ ማን ይሆናል?

ሰውን የሚያሰክረው መጠጥ ብቻ እንዳልሆነም ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአክሱም ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ተገደለ፤ በዚያው ወር በእኛው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ተማሪ ተገደለ። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። እነዚህ ሁሉ «አደራህን» ተብለው የተላኩ የእናት ልጆች ነበሩ። የጠባቸው መነሻ መጠጥ ነበር ማለቴ አይደለም። የዘር ጥላቻና በቀልም እንደ አረቄ ወደ ራስ ይወጣሉ፤ ልክ እንደ አረቄም «ተው» የሚለውን ድምፅ ያስተኛሉ። ዩኒቨርሲቲ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ጎን ለጎን የሚተኙበት ቦታ ነው። ክፉ ወሬ ሲወራ የሚሰማ ጆሮ፣ ድንጋይ ሲሰበሰብ የሚያይ ዓይን አይጠፋም። የሚጠፋው ገላጋይ ነው።

አንዳንዱ፣ «ይህ የመንግሥትና የዘበኛ ሥራ ነው» ይል ይሆናል። በእርግጥ መንግሥት ድርሻ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም አዋጅ ነው። ነገር ግን ከኮሌጅ አጥር ጥግ ባለች ጠባብ ቤት፣ ቅዳሜ ማታ፣ አዋጁን ማን ያነብባል? በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪዎችን፣ አጠገባቸው ጥቃት ሊፈጸም ሲል በሰላም እንዴት ጣልቃ እንደሚገቡ እንዲያስተምሩ አዝዟል። እነርሱ በሕግ አስገድደው የሚያስተምሩትን እኛ በአንድ ቃል «ገላጋይ» እንለው ነበር። ቃሉ አልጠፋም፤ እኛ ተማርን ባልን ጊዜ ሥራውን ተውነው።

ጎጃም ከዩኒቨርሲቲ በፊትም ከወላጅ ርቀው የሚኖሩ ተማሪዎችን ያውቃል። ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ኤልያስ ለቅኔ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ እናት አባት በሌሉበት ጎጆ ያድራል። ነገር ግን ብቻውን አያድርም። ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስጠናዋል፤ ሲታመም ያስታምመዋል፤ ሲያጠፋም ይገሥጸዋል። እኛስ ባንድ ክፍል ስድስትና ስምንት ሆነን ስንተኛ፣ በየብርድ ልብሳችን ውስጥ ብቻችንን መሆናችን ስለ ምንድን ነው?

ሌላው ደግሞ፣ «ሰው ነፃ ፈቃድ አለው፤ በሰው ኑሮ መግባት ነውር ነው» ይላል። እኔም ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ነገር ግን አስቡት፤ ነፃ ፈቃዱን ያከበርኩለት ጓደኛዬ በዚያች ሰዓት ፈቃዱ በእጁ አልነበረም። «ባይሰማኝስ?» የሚልም አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ከተማ ጠባቂ ያስተማረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጠባቂው የሚጠየቀው ሕዝቡ ሰማ ወይስ አልሰማም ተብሎ አይደለም፣ መለከቱን ነፋ ወይስ አልነፋም ተብሎ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከደረሰብኝ የተማርኩትን ጥቂት ልናገር። መጀመሪያ፣ ምክር በስካር ሰዓት አይደለም፤ በማግሥቱ፣ ልቡ በተመለሰ ጊዜ፣ ሰው በሌለበት ይሁን። ሁለተኛ፣ አብሮ የወጣ አብሮ ይመለስ፤ የጠጣውን ጥሎ መግባት ይቅር። ሦስተኛ፣ ጠብ ሲሸት ማን ልክ እንደሆነ አንከራከር፤ ክንዱን ይዘን «ና፣ አንድ ጊዜ እፈልግሃለሁ» ብለን እናውጣው። ዱላ ወይም ስለት ከተነሣ ብቻችንን ከመግባት ሰው እንጥራ፣ ዘበኛም ይሁን ፖሊስ። አራተኛ፣ ያልጠጣውን «ፈሪ፣ እናቱን የሚፈራ» እያልን አናሹፍበት። አምስተኛ፣ የጠጣውንም አንናቀው። የእኔ ጥፋት ከዝምታዬ ይልቅ ንቀቴ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው የናቀውን አይጠብቅምና።

የጓደኛዬ እናት ዛሬም አረቄ ታወጣለች። እንስራውን ስበሪው ልላት አልችልም፤ የሁለት ታናናሾቹ ደብተር አሁንም ከዚያው ይወጣል። ይህ ጥያቄ ለእኔ ገና አልተፈታም፤ በእናንተም መካከል መልስ ያለው ቢጽፍ ደስ ይለኛል። እኔ ግን በየወሩ ወኅኒ ሄጄ ጓደኛዬን እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ፊቱን አዞረብኝ። በሦስተኛው፣ «የዚያን ለት አይተኸኝ ነበር፣ አይደል?» አለኝ። «አዎን፣ አይቼህ ነበር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የጀመርነው።

ዘንድሮ ወደ ኮሌጅ የምትሄዱ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ሆይ፤ መናኸሪያው ላይ አንዲት እናት እጃችሁን ይዛ «አደራህን» ወይም «አደራሽን» ብትላችሁ፣ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስቡ። ካሰባችሁ በኋላ ግን «እሺ» በሉ።

ይቆየን።