በሩን የዘጋ አደራ አለበት

ውድ አንባቢ! ዶሮዋ እንቁላል በምትጥልበት ሰሞን የቤቱ ሀብት ናት። ጥሬ ይበተንላታል፤ ማታ ተቆጥራ ትገባለች፤ ሸለምጥማጥ እንዳይነጥቃት በሯ ይጠበቃል። ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ከጥግ የቆመች ዕለትስ? በብዙ ቤት የሚሰማው ፍርድ ሁለት ነው፤ «ሳትሞት ትታረድ»፣ አለዚያም «ሳትሞት ትሸጥ»። ለመሆኑ የእንስሳ ጥቅሙ ሲቆም መብቱም አብሮ ይቆማልን? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ጥያቄው የዶሮ ብቻ አይደለም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከቆርቆሮው ሥር ሣጥን ተሰቅሎላቸው የሚኖሩ እርግቦች አሉ። ልጆች አጥምደው እግሯን በክር አስረው ሁለት ቀን የሚጫወቱባት፣ በሦስተኛው ቀን የሚረሷት ትንሽ ወፍም አለች። ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር በእኛ እጅ መሆናቸው ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ ላይ መመካትን ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት ወፍን ነበር። ጠዋት በባዶ ሆዷ ትወጣለች፤ ማታ ጠግባ ትመለሳለች። ልብ ይበሉ! በምሳሌው ውስጥ መውጣት አለ። የተዘጋባት ወፍ ግን መውጣት አትችልም። ሲሳይዋን የሚሰጣት ዛሬም አላህ ነው፤ መንገዱ ግን በእኛ እጅ በኩል ሆኗል። ሕመሟም እንደዚሁ ነው። ነፃዋ ወፍ ስትታመም ጥላ ትመርጣለች፤ ውኃ ወዳለበት ትወርዳለች፤ ከነፋስ ትሸሸጋለች። የተዘጋባት ግን እኛ ያስቀመጥናት ቦታ ዓለሟ ሁሉ ነው። እንግዲህ በሩን የዘጋ ሰው በዚያው ቅጽበት አደራ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ይወቀውም አይወቀው።

ድመቷን አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ያልሰማ የለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ጭካኔን ለማውገዝ ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ የተወቀሰችበትን ነጥብ በጥንቃቄ እንየው። አላበላቻትም፤ የምድርን ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ከፊቷ ሁለት በሮች ነበሩ፤ አንደኛው መመገብ፣ ሁለተኛው መልቀቅ። ይዞ መርሳት የሚባል ሦስተኛ በር ግን የለም።

ታዲያ ወፍ ማሳደግ ነውር ነው? አይደለም። የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ሕፃኑ አዝኖ ሲያገኙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአባትነት ስም ጠርተው ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫወቱት። ወፏን በመያዙ አልገሠጹትም፤ ሐዘኑንም አልናቁበትም። በ335 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒያ ዓሊም ከዚህች አጭር ሐዲስ ብቻ 60 ያህል ትምህርቶችን አውጥተው ጽፈዋል። መያዝ ተፈቅዷል፤ መፈቀዱ ግን ከኃላፊነት ጋር ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ660 ዓ.ሂ. የሞቱት ታላቁ ዓሊም ዒዙ ብኑ ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጠው እንኳ ቀለቡን ሊችለው እንደሚገባ ገልጸዋል። ከሚጎዳው ጋር አንድ ቦታ እንዳያጉረውም ጨምረዋል። በወሎ ለዘመናት ሲቀሩ የኖሩት ሁለቱም መዝሀቦች፣ ሻፊዒያውም ሐነፊያውም፣ ባለቤቱ በአላህ ዘንድ ተጠያቂ መሆኑ ላይ አይለያዩም። ልዩነቱ ቃዲው ያስገድደዋል ወይስ አያስገድደውም በሚለው ላይ ነው። ምላሹ ግልጽ ይመስለናል። ጥቅሙ ሲቆም መብቱ አይቆምም፤ እንዲያውም አደራው የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ፈንግል ሲገባ

ዶሮን ደጋግሞ የሚፈጀው ፈንግል ነው። መንስዔው ቫይረስ ነው። የታመመችው ዶሮ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ ትተነፍሳለች ሳይሆን ታለከልካለች፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ክንፍና እግሯ ይሽመደመዳል። እርግብንም ይይዛል። ፌጦ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ቢሰጣት ፈንግልን አያድንም። የሰው ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ማጠጣትም ቫይረሱን አይገድልም። ፈንግል ከገባ በኋላ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፤ አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት ግን አለ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። በዓይን ጠብታ የሚሰጥ አለ፤ ከሚጠጡት ውኃ ጋር የሚሰጥም አለ፤ በየጥቂት ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ሦስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን አትችለውም፤ ጎረቤት ሲተባበር ግን ቀላል ነው። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅም ይቻላል።

«ሳትሞት ትሸጥ» የሚለው ፍርድ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የታመመች ዶሮ እግሯ ታስሮ ደሴ ሰኞ ገበያ ከወረደች በዚያ ካሉት ዶሮዎች ጋር ተነካክታ ትውላለች። እነዚያ ደግሞ ማታ ወደየሰፈሩና ወደየገጠሩ ይበተናሉ። ሻጩ የአንዲት ዶሮ ዋጋ አተረፈ፤ የማያውቃቸው ቤቶች ቆጥ ግን ባዶ ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥር እርጥቡን ሲያገኙ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ነጋዴውን ገሥጸዋል። የሚያታልልም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናግረዋል። የታመመ እንስሳ ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀልም አዘዋል። የታመመች ዶሮን ሳይናገሩ መሸጥ ሁለቱንም ትእዛዝ በአንድ ቀን መጣስ ነው።

ማረዱስ? ሕይወት ኖሯት በቢስሚላህ የታረደች ሐላል ናት፤ ቀድማ የሞተች ግን በክት ናት። የጤና ባለሙያዎች በጠና የታመመን እንስሳ እንዳንበላ እንደሚመክሩም አይዘንጋ። ተስፋዋ የተቆረጠን ዶሮ ስቃይዋን ለማሳጠር በተሳለ ቢላዋ ማረድ እዝነት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ውኃ አጥታ የደከመችውን፣ ቁንጫ የበላትን፣ ብርድ የመታትን ሁሉ «ተስፋ የላትም» ብሎ ለቢላዋ መቸኮል እዝነት አይባልም።

ሕመም ሁሉ ፈንግል አይደለምና። ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ እኛ ባየንበት ሰዓት ቆይቶባታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሌሎቹ ትለይ። ደሴ ላይ ጠላቷ ብርድ ነው፤ ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት፣ ነፋስ የማይገባበት ሙቅ ጥግ ይሰጣት። ኮምቦልቻ ላይ ጠላቷ ሙቀት ነው፤ ጥላና በቀን ደጋግሞ የሚቀየር ውኃ ያሻታል። እህሉ ይፈጨላት፤ ራሷ መቅመስ ካቃታት ውኃው በመንቁሯ ጫፍ በጠብታ ይነካላት፤ በግድ ግን አይጋት። ኩሷ ደም ከቀላቀለ መድኃኒት ያለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ያስታመመ ሰው እጁን ይታጠብ። የሞተችውም ትቀበር እንጂ ቦርከና ወንዝ ውስጥ አትጣል።

«ሰው በተራበበት አገር ስለ ዶሮ ሕመም?»

ይህን የሚል ወንድም ይኖራል፤ አንቀየመውም። ወሎ ረሃብን በወሬ አያውቀውም፤ 1966ንና 1977ን ያየ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ከልጅ አፍ ነጥቆ ለዶሮ ይሰጥ ያለ የለም። የታመመች ወፍ የምትጠይቀው አንድ ጣሳ ውኃ፣ አንድ ጥግና ጥቂት ደቂቃ ነው። ደግሞም በድሃ ቤት የዶሮዋ እንቁላል የልጁ ደብተርና የወጡ ጨው ነው፤ እሷን ማስታመም ቤቱን መደገፍ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ልብ የለመደውን ይሠራል። የፍጡርን ክብር በጥቅሙ ብቻ መመዘን የለመደ ልብ፣ ነገ እጃቸው የደከመውን አባትና ዓይናቸው የጠፋውን አያት በየትኛው ሚዛን ሊያስቀምጣቸው ነው?

እዝነት አቅምን ያውቃል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ሕፃን አዝሎ፣ አሮጊት ደግፎ ወጥቷል። በእንዲያ ያለ ሰዓት የሰው ነፍስ ይቀድማል፤ ዶሮ ይዘህ ውጣ የሚል የለም። የቆጡን በር ከፍቶ መውጣት ግን የአንድ አፍታ ሥራ ነው። መመገብ ያልቻለ ይለቃል፤ ሐዲሱ ያሳየን ሁለተኛው በር ይኸው ነው። ለሠርግ ወይም ለዚያራ ሳምንት ለሚሄድም እንደዚሁ፤ ወይ ለጎረቤት አደራ ይሰጣል፣ ወይ በሩን ይከፍታል።

ውድ አንባቢ! ዛሬ ማታ ቆጥዎን ሲዘጉ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይቁጠሩ፤ ማን ቆሟል? ማን ጥግ ይዟል? ውኃው አለ? ልጅዎን ጠርተው ያሳዩት፤ በክር ያሰራት ወፍ ካለችውም ክሩን ራሱ እንዲፈታ ያድርጉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አንዓም በክንፎቿ የምትበር ወፍ ሁሉ እንደኛው ሕዝብ መሆኗን ነግሮናል። ከአንድ ሕዝብ ጋር ደግሞ ሰው የሚተዋወቀው በክፉ ቀኑ ነው።

አላህ ለደካማ የሚራራ ልብ ይስጠን፤ አደራ ጠባቂም ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።